የቆመው ባዮጋዝ ከመደፈኑ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የገበሬ መንደሮች፣ ከሱሉልታ እስከ ሆለታ፣ ከሰበታ እስከ ሰንዳፋ፣ ጉልላታቸው ላይ ሣር የበቀለባቸው፣ ምድጃቸው ከተለኮሰ የቆየ የባዮጋዝ ማብላያዎች፣ ማለትም ከእበት የሚነድ ጋዝ የሚሠሩ ጉድጓዶች አሉ። ባለቤቶቻቸው «አልሠራ አለን» ብለው ወደ ኩበቱና ወደ ጭራሮው ተመልሰዋል። ጉድጓዱን በአፈር ለመድፈን የሚያስቡም አሉ። ይህ ደብዳቤ በተለይ ለእነሱ ነው። ጉልላቱ ካልተሰነጠቀ በቀር የቆመ ባዮጋዝ በጥቂት ወጪና በሳምንታት ትዕግሥት ሊነሣ ይችላል። ዝግጅት ክፍሉ ዝርዝሩን ሳይቆርጥ እንዲያትምልን እንለምናለን፤ ሥራው የሚበላሸውም የሚቃናውም በዝርዝሩ ነውና።

ባዮጋዝ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ የግብርና ትምህርት ቤት ተሞክሯል። ብሔራዊ ፕሮግራም ሆኖ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልሎች የተጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በብዛት የተገነባው «ስንዱ» የሚባለው፣ ከኔፓል ንድፍ ተሻሽሎ የመጣው፣ መሬት ውስጥ የሚቀበር ባለ ጉልላት ዓይነት ነው። 4፣ 6፣ 8 እና 10 ሜትር ኩብ የሆኑ መጠኖች አሉት። እዚህ የምንሰጠው ቁጥር ሁሉ ለባለ 6 ሜትር ኩቡ ነው፤ ለሌላው በመጠኑ አስሉት።

በመጀመሪያ እበቱን ኩበት አድርጎ ማንደድ ምን እንደሚያሳጣ እንይ። በቀን 5 ኪሎ ደረቅ ኩበት የሚያነድ ቤት በዓመት ከ18 ኩንታል በላይ ይጨርሳል። በደረቅ እበት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከመቶ 1.5 ያህል ነው ብንል 27 ኪሎ ናይትሮጅን በጭስ ወጣ ማለት ነው። ዩሪያ ከመቶ 46 ናይትሮጅን ስለሆነ የጠፋው ከ60 ኪሎ ዩሪያ ጋር ይመጣጠናል፤ ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ይበልጣል። ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ አመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመዱ ግን ብዙ ጊዜ ደጅ ይደፋል እንጂ ማሳ አይደርስም። እበቱ በማብላያው ሲያልፍ የሚያብላሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ለጋዙ የሚወስዱት ካርቦንና ሃይድሮጅንን ነው። ናይትሮጅኑ ከዝቃጩ፣ ማለትም ጋዙ ከወጣለት በኋላ ከሚቀረው ቀጭን እበት ጋር ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ባዮጋዝ የማገዶ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ከመጀመሪያውም ስህተት ነበር። ለገበሬ ትልቁ ምርት ዝቃጩ ነው፤ ጋዙ ምርቃት ነው።

አሁን ወደ ቆመው ጉድጓድ እንመለስ። ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ምግቡ ነው። ባለ 6 ሜትር ኩብ ማብላያ በቀን 40 ኪሎ ያህል ትኩስ እበትና 40 ሊትር ውሃ ይፈልጋል፤ ሁለት ባልዲ ሙሉ እበትና ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ማለት ነው። ቀን በግጦሽ የምትውል የአበሻ ላም ማታ በረት ውስጥ የምትጥለው ከ4 እስከ 6 ኪሎ ብቻ ነው። ጋጥ ላይ ታስራ የምትቀለብ ድቅል የወተት ላም ግን ከ15 እስከ 20 ኪሎ ትሰጣለች። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ድቅል ላሞች የሚበቁበትን ጉድጓድ በአበሻ ከብት ለመመገብ ሰባትና ስምንት ራስ ያስፈልጋል። ግንባታው ሲፈቀድ አራት ላም የነበረው ቤት ሁለቱን ሸጦ ከሆነ ጋዙ ቢቀንስ አይገርምም፤ ጉድጓዱ ግን አልተበላሸም። በ20 ኪሎም ይሠራል፤ የሚሰጠው ግማሹን ጋዝ ነው። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ግማሹን እንደ ምንም ስለሚቆጥረው ነው።

ውሃና እበቱ በእኩል ስፍር ይቀላቀላሉ። ውሃው ከበዛ ገለባው ይንሳፈፍና ከላይ ቅርፊት ይሠራል፤ ከባዱም ወደ ታች ይዘቅጣል። ካነሰ ደግሞ ድብልቁ በመግቢያው ቱቦ አይወርድም። ትክክለኛው ውፍረት እንደ አጃ ገንፎ ሳይሆን እንደ አጃ ሾርባ ነው። በመደባለቂያው ገንዳ ውስጥ ጉብታ እስኪጠፋ ይማሰላል፤ ጭድና ድንጋይ በእጅ ይለቀማል። በረቱ ወለሉ አፈር ከሆነ ከእበቱ ጋር አፈር አብሮ ይታፈሳል። በየቀኑ ሁለት ጭብጥ አፈር የገባበት ጉድጓድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከታች በደለል ተሞልቶ ይገኛል። የበረቱን ወለል በድንጋይና በሲሚንቶ አንጥፎ ወደ ገንዳው ጥቂት ማዘንበል ሁለት ጥቅም አለው። አፈሩ ይቀራል፤ የከብቱ ሽንትም ራሱ ወደ ገንዳው ፈስሶ የውሃውን ድርሻ ይቀንሳል።

የውሃው ነገር በዚህ አይበቃም፤ ብዙ ባዮጋዝ የሞተው በውሃ ነው። ሁለት ጀሪካን ከምንጭ የምትቀዳው ሴት ከማገዶ ለቀማ ያተረፈችውን ጊዜ ለውሃ ትከፍላለች። መፍትሔው ከጣሪያው ላይ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ነው። በዚህ አካባቢ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ከ50 ካሬ ሜትር ጣሪያ፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ ወደ 40,000 ሊትር ይሰበሰባል። ማብላያው በዓመት የሚጠጣው 14,600 ሊትር ብቻ ነው። ችግሩ ማጠራቀሚያው ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን 150 ቀን ለመሻገር 6,000 ሊትር መያዝ ይጠይቃል። ሽንቱን በወለል የሚሰበስብ ቤት ግን በዚህ ግማሽ ሊሻገር ይችላል። የልብስ እጥበት እጣቢ እንዳይገባ አደራ። ሳሙናና በረኪና ጋዝ ሠሪዎቹን ተሕዋስያን ይገድላሉ። ላሚቱ አንቲባዮቲክ ከተወጋችም እበቷ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ወደ ማብላያው አይግባ፤ ለብቻው ይከመር።

ብርዱን እንደ ምክንያት የሚያነሱ አልተሳሳቱም። እነዚህ ተሕዋስያን የሚመቻቸው በ35 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ15 በታች ይዝላሉ፣ ከ10 በታች ሥራ ያቆማሉ ማለት ይቻላል። በኅዳርና በታኅሣሥ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ውርጭ ሲያነጋ ሊጡ ለመቡካት ቀን እንደሚጨምር እናቶች ያውቃሉ፤ ጉድጓዱም ያው ነው። መድኃኒቱ ሦስት ነገር ነው። ጉልላቱ ላይ ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር አፈር ይልበስ፤ ዝናብ አጥቦት ሲሚንቶው ከታየ እንደገና ይልበስ። በብርዱ ወራት በአፈሩ ላይ የሚብላላ የብስባሽ ቁልል ይከመርበት፤ የቁልሉ ትኩሳት ወደ ታች ይሰማዋል። ጥቁር ጀሪካን ውስጥ ያለ ውሃ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ይዋልና ምግቡ ጎህ ሲቀድ ሳይሆን ከቀትር በኋላ ይግባ። እንዲህም ሆኖ በጥር የሚገኘው ጋዝ በመጋቢት ከሚገኘው ያንሳል። በሞቃቱ ወራት 40 ኪሎ እበት አንድ ምድጃ ለ3 ሰዓት ከግማሽ ያህል ያነዳል፤ በብርዱ ከዚህ ዝቅ ይላል። ይህን ከመነሻው ያልተነገረው ሰው ጥር ላይ ተበላሸ ብሎ ቢተወው አንወቅሰውም።

ምግቡም ሙቀቱም ካልጎደለ ወደ ጋዙ መንገድ ይኬዳል። የግፊት መለኪያው ከተሰበረ ሌላ ምስክር አለ፤ የመውጫውን ገንዳ ክዳን ከፍቶ ማየት ነው። ጋዝ ሲጠራቀም ዝቃጩን ወደ መውጫው ገንዳ ይገፋዋል፤ ጋዙ ሲነድ ዝቃጩ ተመልሶ ይወርዳል። ማታ ምድጃው ከተዘጋ በኋላ ዝቃጩ የደረሰበት የገንዳው ግድግዳ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግ፤ ጠዋት ይታይ። ከፍ ካለ ጋዝ አለ፣ ችግሩ ከቧንቧው ወይም ከምድጃው ነው። ካልተንቀሳቀሰ ጋዝ አልተሠራም፣ ወይም እየሾለከ ነው። እነዚህን ለመለየት በሁለተኛው ማታ ጉልላቱ ላይ ያለው ዋናው መዝጊያ ይዘጋና ይታደር። አሁን ከፍ ብሎ ከተገኘ ቀዳዳው ከመዝጊያው ወዲህ፣ ወደ ኩሽናው በሚሄደው መስመር ላይ ነው። ያኔም ካልተነሣ ከመዝጊያው በታች ያለው መጋጠሚያ ወይም ጉልላቱ ይፈተሽ። የሳሙና አረፋ በየመጋጠሚያው መቀባት በቂ ነው፤ አረፋው ከተነፋፋ ጋዙ የሚሾልከው እዚያ ነው። መጋጠሚያው ተፈትቶ፣ ቴፍሎን የሚባለው የቧንቧ ጥብጣብ ተጠቅልሎበት እንደገና ይጥበቅ። ቀዳዳን በክብሪት መፈለግ ፈጽሞ አይሞከር።

ጋዙ እያለ እሳቱ የሚርገበገብ ወይም እየበራ የሚጠፋ ከሆነ ቧንቧው ውስጥ ውሃ ተኝቷል። ጋዙ ከጉልላቱ ሲወጣ እንፋሎት ይዞ ይወጣል፤ መሬት ውስጥ ሲበርድ ውሃ ይሆናል። ለዚህ ነው መስመሩ ዝቅ በሚልበት ቦታ የውሃ ማስወገጫ የሚደረገው። በሳምንት አንዴ፣ በብርዱ ወራት ሁለቴ ይከፈት። ቧንቧው መሐል ላይ ሰምጦ ሆድ ካወጣ ግን ውሃው ወደ ማስወገጫው አይደርስም፤ ተቆፍሮ ተዳፋቱ መስተካከል አለበት። ይህችን አንዲት ጥፋት በማስተካከል ብቻ የሚነሡ ምድጃዎች ጥቂት አይደሉም።

እሳቱ ቢጫ ሆኖ ድስት የሚያጠቁር ከሆነ የአየር ቀዳዳው ይከፈት፤ ከምድጃው አፍ ተነሥቶ የሚንሳፈፍ ከሆነ በጥቂቱ ይዘጋ። የሚፈለገው ሰማያዊና የተረጋጋ ነበልባል ነው። የጋዙ አፍንጫ ቀዳዳ በወጥና በዝገት ከተዘጋ በቀጭን መርፌ ይጠረግ፤ በምስማር ከሰፋ ግን ጋዝ ያባክናልና መቀየር ይኖርበታል።

ለወራት ሳይመገብ የቆየ ጉድጓድ ከላይ ድርቅ ያለ ቅርፊት ይሠራል። በመግቢያውና በመውጫው በኩል ረጅም አጣና አስገብቶ መስበር፣ የወጣውን ቅርፊት ማንሣት፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ የተበጠበጠ እበት መጨመር ነው። ሊጥ ያለ እርሾ እንደማይቦካ ሁሉ ከሚሠራ ጎረቤት ጉድጓድ ከመውጫው የተቀዳ ሦስት ወይም አራት ባልዲ ዝቃጭ ቢጨመርበት ቶሎ ይነሣል። መጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ አይነድም፤ አብዛኛው አየርና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ደጋግሞ አየር ላይ ማስወጣት ያስፈልጋል፤ ሙከራውም ኩሽና ባለው ምድጃ እንጂ በምንም ምክንያት ጉልላቱ ላይ ባለው ቧንቧ አይደረግ። አየር የተቀላቀለበት ጋዝ እሳቱን ወደ ውስጥ ስቦ ጉልላቱን ሊያፈነዳ ይችላል። በእኛ ደጋ ለዚህ ሁሉ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት መጠበቅ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ይነገር። በተለመደው የባዮጋዝ ምድጃ እንጀራ አይጋገርም። ወጡ፣ ቡናው፣ ሻዩ፣ የሕፃኑ ገንፎ ይሠራል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ምጣድ ዳር እስከ ዳር እኩል ለማሞቅ ግን የቤት ምድጃው ነበልባል አይበቃም። ከቤቱ ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደግሞ እንጀራው ነው። ስለዚህ ባዮጋዝ ያለው ቤት «ምርጥ» ምድጃንም ማስገባት ይኖርበታል። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድቃቂ ተሠርቶ ምጣዱን ዙሪያውን የሚያቅፈው ይህ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርደዋል፤ ከኋላው በሚወጣው ትኩሳትም ድስት ይጣድበታል። ሁለቱ አብረው ሲኖሩ ብቻ ነው ኩበት መጠፍጠፍ በእውነት የሚቀረው።

ስለ ዝቃጩ ጠለቅ ብለን እንናገራለን፤ በአብዛኛው ቤት ሲባክን የሚታየው እሱ ነውና። በቀን 80 ሊትር ከገባ ወደ 80 ሊትር ይወጣል። ጥሩ ዝቃጭ ጠቆር ያለ፣ ሽታው የደከመ፣ ዝንብ የማይሰበስብ ነው። ትኩስ እበት የሚሸት ከሆነ ከአቅሙ በላይ እየተመገበ ነው፣ ሳይብላላ እየወጣ ነው። በውስጡ ካለው ናይትሮጅን ጥሩ ድርሻው ወደ አሞኒየም ስለተለወጠ ለተክል ፈጥኖ ይደርሳል፤ በዚያው መጠን ፀሐይ ላይ ከተሰጣ አሞኒያ ሆኖ ይበናል። ክፍት ቦይ ውስጥ ሲደርቅ የሚከርም ዝቃጭ ግማሽ ዋጋው የለም።

ከመውጫው አጠገብ ሁለት ጉድጓድ ይቆፈር፤ እያንዳንዱ 2 ሜትር በ1 ሜትር ከግማሽ፣ ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ያልበለጠ። ሁለቱ አንድ ላይ የማብላያውን ያህል ይይዛሉ። ከጉድጓዱ ግርጌ አንድ ስንዝር የገብስ ወይም የስንዴ ገለባ፣ ፍሬ ያላፈራ አረም፣ የባቄላ አገዳ ይነጠፍና ዝቃጩ ይፍሰስበት፤ ሲጠጣው ሌላ ንጣፍ፣ ሌላ ዝቃጭ። የጤፍ ጭድ ለከብትና ለጭቃ ስለሚፈለግ ለዚህ ማባከን አያስፈልግም። የባሕር ዛፍ ቅጠል አይግባ፤ ለመበስበስ ይዘገያል፣ ቡቃያም ያከስማል። ሲሞላ በስስ አፈር ተሸፍኖ፣ ከላይ የሣር ዳስ ተሠርቶለት ወደ ሁለተኛው ይዛወራል። ከወር በኋላ አንዴ ይገላበጥ፤ በሦስትና በአራት ወር ውስጥ የደን አፈር የሚሸት፣ በእጅ ሲጨበጥ የሚፈረፈር ብስባሽ ይሆናል።

ለሩብ ሄክታር ከ12 እስከ 13 ኩንታል ብስባሽ ጥሩ መነሻ ነው። ሰኔ ላይ በመጨረሻው እርሻ ተበትኖ በዚያው ቀን በአፈር ይሸፈን፤ አድሮ የሚሸፈን ብስባሽ ለፀሐይ የተሰጠ ነው። የፋብሪካውን ማዳበሪያ በአንድ ዓመት ሙሉ በሙሉ ይተካል ብለን አንዋሽም፤ ናይትሮጅኑ በከፊል ቀስ እያለ በተከታዮቹ ዓመታት ነው የሚለቀቀው። የሆለታ አካባቢ ቀይ አፈር ኮምጣጣነትም በብስባሽ ብቻ አይድንም፣ ኖራ ይፈልጋል። ለጓሮ ግን ፈሳሹ ራሱ ይበቃል። አንድ እጅ ዝቃጭ በሁለት እጅ ውሃ ቀጥኖ በጎመኑና በድንቹ ሥር፣ ቅጠሉን ሳይነካ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ይፍሰስ። መጸዳጃ ቤት ከማብላያው ጋር ከተገናኘ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በደጋው ቅዝቃዜ የወስፋት እንቁላል አይሞትም። ያ ዝቃጭ ቢያንስ ስድስት ወር በብስባሽ ጉድጓድ ይቆይ፤ ጥሬውን ለሚበላ እንደ ሰላጣ ላለ አትክልት ከነጭራሹ አይዋል።

አዲስ ለመገንባት ለሚያስቡ ደግሞ ምክራችን እንደየቤቱ ይለያያል። ቦታው ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 10 ሜትር፣ ከባሕር ዛፍ ሥር በጣም የራቀ፣ ለኩሽናውና ለበረቱ የቀረበ ይሁን። የመውጫው ከንፈር ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ካላለ የክረምት ጎርፍ ይገባበታል። በአንድ ቀን አሸዋና ሲሚንቶ ተለስኖ የተጠናቀቀ ጉልላት ጋዝ አይዝም፤ የውስጡ ልስን በአምስት ድርብ፣ የመጨረሻዎቹ በሲሚንቶና በቀለም ድብልቅ ተሠርተው፣ ለሳምንት ውሃ ሲጠጡ መክረም አለባቸው። ነገር ግን ቦታው ነገ ለከተማ ይፈለጋል ተብሎ በሚያሰጋበት፣ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በገቡ ብዙ ቀበሌዎች እንዳለው፣ ተነቅሎ በማይሄድ ግንብ ላይ ገንዘብ ማፍሰስን አንመክርም። ለእንዲህ ያለው ቤት በጥላ ሥር የተከመረ የእበትና የገለባ ብስባሽ ከ«ምርጥ» ምድጃ ጋር ይበቃል። በአንጻሩ ለአዲስ አበባ ወተት የሚያቀርቡት፣ እበታቸው ወደ ወንዝ የሚታጠበው የወተት እርባታዎች ለባዮጋዝ ከማንም የተሻሉ ናቸው፤ እበቱም ውሃውም እጃቸው ላይ አለ።

አንድ የሞት ጉዳይ አለ። ደለል ለመጥረግ ማብላያው ውስጥ የሚገባ ሰው ለብቻው አይግባ። በውስጡ የሚቀረው ጋዝ አየሩን ይተካዋል፤ ሰው ሳያውቀው ራሱን ይስታል። ሁሉም ክዳን ተከፍቶ ለቀናት ይናፈስ፣ ዝቃጩ በባልዲ ከውጭ ይቀዳ፣ የሚገባው ሰው ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰር፣ ገመዱን የሚይዙ ሁለት ሰዎች ከላይ ይቁሙ። የሚያጨስ አይቅረብ። ወድቆ የታየን ሰው ለማውጣት ዘሎ የሚገባም አብሮ ይወድቃልና በገመድ ብቻ ይጎተት።

ለየወረዳው የኢነርጂና የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ሁለት ልመና አለን። ሥልጠናው የሚሰጠው ለአባወራው ነው፤ እበቱን የምትበጠብጠው፣ ምድጃውን የምትለኩሰው ግን እማወራዋ ናት። የውሃ ማስወገጫው የት እንዳለ ሳይነገራት የቀረች ሴት ምድጃውን ብትተወው ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ሁለተኛው የመለዋወጫ ጉዳይ ነው። የጋዝ አፍንጫ፣ መዝጊያ፣ የጎማ ቱቦና የግፊት መለኪያ በሱሉልታ ወይም በሆለታ ገበያ ቀን በአንድ ሱቅ ቢገኙ፣ ዋጋቸውም በጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ገበሬው ለአንድ መዝጊያ መርካቶ ድረስ አይሄድም።

ከአክብሮት ጋር፣
በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚሠሩ የባዮጋዝ ግንበኞችና የአፈር ለምነት ባለሙያዎች